የማን ልቅሶ ነው?

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ከሰው መሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ አላምንበትም ነበር፣ ወንድሞቼ ማታ ማታ ስለ ቡዳና ስለ ጥላ ወጊ ሲያወሩ እኔ ጥግ ይዤ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ሳጠና ጭራሽ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቦታ አለው፣ ቦታ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ካርታ ላይ ይወጣል ብዬ ደመደምኩ። አሁን የምነግራችሁን ግን ካርታ ላይ ላወጣው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ለብዙ ሰው አላወራሁትም፣ በጽሑፍ ይቀለኛል ብዬ ነው፣ ስታነቡት ፊቴን ስለማታዩት አላፍርም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጨረሻ፣ መንደር ምስረታው በሐዲያና በከምባታ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ተመርቄ የተመደብኩት ተወልጄ ባደግሁባት ሆሳዕና፣ እንግዳ የሚያስተናግድ አንድ ትንሽ የመንግሥት ክፍል ውስጥ ነበር። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚያው አስተማሪ ሆኖ የቀረ ሰው ስለሆነ ሐዲይኛ ከሰላምታ አልፌ አልችልም፣ ከምባትኛማ ጭራሽ፣ ግን አገሩ አገሬ ነው። የክፍላችን ሥራ በየሆስፒታሉና በየእርሻው የሚሠሩ የውጭ አገር ባለሙያዎችን በዕረፍት ቀናቸው አገር ማሳየት ነበር። ብስክሌቶቹ በላንድሮቨሩ ጣሪያ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰራሉ፣ ከዋናው መንገድ የሚገነጠል የእግር መንገድ ጋ ስንደርስ እንወርዳለን፣ እኔና እንግዶቹ በእንሰቱና በቡናው መሀል በብስክሌት እንሄዳለን፣ መኪናው ደግሞ በዋናው መንገድ ዞሮ ማዶ ይጠብቀናል፣ ከዚያ ምሳ በልተን ሳይመሽ መመለስ ነው። ሳይመሽ የሚለው ቀልድ አልነበረም፣ የይለፍ ወረቀቱ የአንድ ቀን ነው፣ ፈረንጅ ይዞ መንገድ ላይ ያመሸ ሰው በማግስቱ ምን እንደሚጠብቀው የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሹፌራችን ጋሽ ሀንዲሶ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ የሐዲያ ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸውን ሁሉ አባቴ ስላስተማራቸው እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ «የመምህር ልጅ» ነው የሚሉኝ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙር የሚዘምሩት መሪ ጨብጠው ብቻ ነበር፣ ሞተሩ ሲጮህ ከሥሩ ድምፃቸው ይሰማል፣ ሞተሩ ዝም ሲል እሳቸውም ዝም ይላሉ። ከላያቸው የማይወርድ ካኪ ጃኬት ነበራቸው፣ ክርኑ ቢያልቅ ባለቤታቸው እትዬ ማርታ በአረንጓዴ የድንኳን ሸራ ጣፉላቸው፣ ሸራው ስላልበቃ በአንዱ ክርን ላይ ያለው ጥፍ ክብ፣ የሌላው አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። ሰው ሲስቅባቸው «ማርታ የሂሳብ አስተማሪ መሆን ነበረባት» ይሉ ነበር።

የዚያን ቀን እንግዶቻችን ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ኢንግሪድና ዲተር፣ ሁለቱም ሐኪሞች። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚግባቡት፣ ዲተር ግን አማርኛ ተምሬያለሁ ባይ ነው፣ የሚያውቀው በሽተኛ የሚጠየቀውን ብቻ ነበርና ጠዋት ጋሽ ሀንዲሶን ሲጨብጣቸው «የት ነው የሚያምዎት?» አላቸው።

«ወገቤን» አሉ ጋሽ ሀንዲሶ ሳይስቁ፣ «ያንተን ብስክሌት ስሰቅል።»

ከዚያ ገመዱን እያጠበቁ ወደ እኔ ዞሩ። «የመምህር ልጅ፣ ብስክሌት መንዳት ትችያለሽ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ለመቀጠር ያልሽው ነው?»

«እችላለሁ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

«ዳገትስ?»

«ዳገት ላይ... እገፋለሁ።»

«እንግዲህ እነሱ ሲነዱ አንቺ ስትገፊ ዱራሜ ለፋሲካ ትገቢያለሽ። ምሳ ሳልጠብቅሽ ብበላ እንዳትቀየሚኝ።»

አንጋጫን አልፈን አምባሪቾ ተራራ ግርጌ ስንደርስ ወረድን። የእኛ መንገድ ተራራውን በአንድ ወገን፣ የመኪናው መንገድ በሌላው ወገን ዞሮ ነው ዱራሜ መግቢያ ላይ የሚገናኘው። «ባሕር ዛፎቹ ጋ» አሉን ጋሽ ሀንዲሶ፣ «የቀደመ ምሳ ያዛል።» ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ባለ አራት ማዕዘኑን ማለት ነው፣ እያውለበለቡ ሄዱ። በደንብ ነው ያየሁት፣ እመኑኝ፣ ጃኬቱን ለብሰውት ነበር።

ሌላ ጊዜ በዚያ ዓይነት መንገድ ስንሄድ የሚያስቸግረኝ ልጆቹ ናቸው። ፈረንጅ ባዩ ቁጥር የኩባ ሰው መስሏቸው «ኩባ! ኩባ!» እያሉ ይከተሉናል፣ እኔን ሱሪ ለብሼ ብስክሌት ላይ ሲያዩኝ ደግሞ ሳቁ ሌላ ነው፣ እንዲያው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድም ልጅ አልነበረም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ነው ምክንያቱ የገባኝ፣ ቦታው ሰዎቹ ተነስተው ወደ አዲሱ መንደር የሄዱበት ነው፣ የጎጆዎቹ ሣርና እንጨት ተነቅሎ ተወስዶ ክቡ መሬት ብቻ ቀርቷል፣ እንሰቱ የሚቆርጠው አጥቶ የደረቀ ቅጠሉ እስከ መሬት ተንጠልጥሏል፣ ንፋስ ሲመጣ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

«ሰዎቹ የት አሉ?» አለች ኢንግሪድ።

«አዲስ መንደር ገብተዋል» አልኩ፣ ከዚያ በላይ አላልኩም፣ በዚያን ጊዜ ከዚያ በላይ አይባልም።

የብስክሌቶቻችን ሰንሰለት ሲንሸከሸክ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም፣ ወፍ እንኳን አልነበረም፣ ይህን በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ፀሐይዋ ደምቃ ነበር፣ ግን ከፊታችን ጉም ከእንሰቱ ሥር እየተነሳ መንገዱን ይሸፍን ጀመር፣ በዚያ ሰዓት ጉም ምን ይሠራል ብዬ ተገረምኩ እንጂ አልፈራሁም። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። እንደ ንብ ቀፎ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ወይም ቅርብ ሆኖ ዝቅ ያለ ነው። ኢንግሪድም ሰማችው፣ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆመችና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

እንሰቱን ስናልፍ ሰፊ ሣር ሜዳ ተገለጠ። መሀሉ ላይ ትልቅ ወርካ አለ፣ ከወርካው ሥር ብዙ ሕዝብ፣ ወንዶቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ሴቶቹ ባንድ በኩል ተቀምጠዋል። ልቅሶ ነው። ግን ዋይታ የለውም፣ ሁሉም አፉን ዘግቶ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው፣ ንቡ የመሰለኝ ድምፅ እሱ ነው።

«ውረዱ» አልኳቸው ለእንግዶቹ። በእኛ አገር በፈረስም ሆነ በበቅሎ፣ በብስክሌትም ቢሆን፣ ተቀምጦ በልቅሶ አጠገብ ማለፍ ነውር ነው፣ ይወረዳል፣ ይገፋል፣ ጊዜ ያለው ጥቂት ይቀመጣል፣ ሟቹን ማወቅ አይጠበቅበትም። ብስክሌቶቹን ሣሩ ላይ አጋደምንና ሴቶቹ ጥግ ሄደን ተቀመጥን፣ ዲተር ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላችን ቆመ። ማንም ፈረንጆቹን ቀና ብሎ አላያቸውም፣ ይኼ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን የሐዘን ጨዋነት ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው ሲያለቅስ አይቼ አልችልም፣ ማን እንደሞተ ሳላውቅ እንባዬ መጣ።

አጠገቤ የነበረች ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። «ደግ አደረግሽ» አለችኝ ባማርኛ፣ «ሥራ ሳትዪ ደረስሽለት።»

የምታውቀኝ መሰላት እንጂ ምን ልበል። «ማን ነው የሞተው እናቴ?» አልኳት በሹክሹክታ።

ወደ እኔ ዞረች። «አልነገሩሽም?» አለችና ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ያልተነገረውን ሰው ሳታውቅ እንዳስደነገጠች ሴት፣ ከዚያ ፊቷን መለሰች፣ ከዚያ በኋላ ብጠይቃትም አልመለሰችልኝም።

በዚህ መሀል የሟቹ ልብስ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጣ፣ እንደምታውቁት ልብሱን ይዘው ነው የሚያለቅሱለት። አንዷ ከፍ አድርጋ ስታነሳው እጅጌዎቹ ተንጠለጠሉ። ካኪ ጃኬት ነው። በአንዱ ክርን ላይ አረንጓዴ ክብ፣ በሌላው አረንጓዴ አራት ማዕዘን።

ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም፣ ብቻ እጄ ኢንግሪድን ጨምድዶ ይዟት ነበር፣ በኋላ ክንዷ ላይ የጣቶቼን ምልክት አሳየችኝ። ብስክሌቶቹን እየገፋን ከሜዳው ወጣን፣ ከዚያ ላያቸው ላይ ወጥተን እንደ እብድ ነዳን፣ ዳገቱን እንኳን አልገፋሁትም። ዞር ብዬ ሳይ ጉሙ ሁሉንም ሸፍኖታል፣ ድምፁም ሬዲዮ እንደሚዘጋ ቀጥ አለ።

«ጃኬቱን አየሽው?» አለች ኢንግሪድ እያለከለከች።

«እንዲህ ያለ ጃኬት ብዙ ሰው አለው» አለ ዲተር፣ «የወታደር ልብስ ነው።»

«አንዱ ክብ አንዱ አራት ማዕዘን?»

ዲተር ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ መኪናው የለም። ከእኛ በፊት መድረስ ነበረበት። ብስክሌቴን ይዤ መንገዱ ዳር ቆምኩ፣ በጭንቅላቴ ውስጥ ላንድሮቨሩ ገደል ውስጥ ተገልብጦ ይታየኛል፣ ደግሞ ራሴን እሞግታለሁ፣ ከተለያየን ገና ምን ያህል ሆነ፣ ሰው ሞቶ ሰው ተሰብስቦ ልብሱ እስኪዞር ድረስ ጊዜ ይወስዳል እኮ እላለሁ። እትዬ ማርታን አሰብኩ። ማን ይነግራቸዋል? እኔ እንዳልሆን ብቻ አልኩ፣ ይኼን ማሰቤ ያሳፍረኛል ግን አስቤዋለሁ።

ያኔ የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሀንዲሶ ራሳቸው ናቸው፣ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለእንግዶቹ ቶሎ ብዬ በእንግሊዝኛ «እባካችሁ፣ ካየነው አንዲት ቃል እንዳትነግሯቸው» አልኳቸው።

«ለምን?» አለ ዲተር፣ «ደስ የሚል ወሬ ነው እኮ፣ አልሞተም።»

እንዴት አድርጌ ላስረዳው? መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር እናንተ ታውቃላችሁ፣ ማንም ተነስቶ የሚያወራው ነገር አይደለም፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ በጠዋት ይኬዳል፣ ባለቤቱ እስኪነገረው ድረስ አገር ሁሉ እያወቀ ፊቱን ያዞርበታል። ሟቹ ራሱ መሪ ጨብጦ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ስለዚህ እኔ የማውቀውን አደረግሁ፣ ፊቴን አዞርኩባቸው።

ጋሽ ሀንዲሶ አልቀለዱም። ብስክሌቶቹን አንስተው ወረወሯቸው ማለት ይቀላል፣ ገመዱን ባንድ ዙር ብቻ አሰሩት፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ግቡ» አሉ፣ «ወደ ቤት ነው።»

«ምሳ...» አለ ዲተር ባማርኛ።

«ወደ ቤት ነው አልኩ።»

እኔ ጋቢና፣ እነሱ ከኋላ ሆነን ተነሳን። ዱራሜን ሳንገባባት፣ የመጡበትን መንገድ ይዘው መኪናውን አስጓሩት። ዝናብ ጀመረ፣ ቀዩ መሬት ወዲያው እንደ ሳሙና ሆነ፣ እሳቸው ግን ፍሬን የሚባል ነገር የረሱ ይመስላሉ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ምን ሆነዋል?» አልኩ።

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ መለሱልኝ። «ጎማ ተነፈሰብኝ። በስኮርታው፣ በትርፉ ጎማ ቀይሬ ስጨርስ የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ፣ ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ። ሰው ነኝና ሄድኩ። ሜዳ ነው፣ ትልቅ ወርካ አለበት። ገና ሲያዩኝ ዝም አሉ፣ ሕዝቡ በሙሉ። አንዲት ሴት በእጇ የያዘችውን ነገር ቶሎ ብላ ጉያዋ ሸጎጠችው። ከኋላ ተቀመጥኩ። የማን ልቅሶ ነው? ብዬ አንዱን ጠየቅሁ፣ ዓይኑን አሸሸብኝ። ሌላውን ጠየቅሁ፣ እሱም እንደዚያው።» መሪው ላይ ጣቶቻቸው ነጭ ሆነዋል። «ኋላ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ወደ መኪናዬ መለሱኝ። ልጄ፣ ቤትህ ግባ፣ መንገድ ላይ አትቆይ አሉኝ። በሐዲይኛ ነው ያሉኝ፣ እዚያ ከምባታ አገር! አየሽ የመምህር ልጅ? ያውቁኛል። የደበቁኝ ነገር አለ። ማርታ ጠዋት ራሴን አሞኛል ብላ ነበር፣ እኔ ምን አልኳት? ውሃ ጠጪበት። ውሃ ጠጪበት ብዬ ጥያት ወጣሁ።»

 እኛ ልቅሶ የተቀመጥነው ከአምባሪቾ በዚህኛው ወገን ነው፣ እሳቸው ጎማ የቀየሩት በዚያኛው ወገን፣ መሀል ላይ ሙሉ ተራራ አለ። በኋላ ቢሮ ካርታውን ዘርግቼ በማስመሪያ ሁሉ ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ሜዳ ሁለቱም ጋ ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። ያኔ ግን ያስፈራኝ ካርታው አልነበረም። እሳቸው ቤታቸው ሰው ሞቶ የተደበቃቸው መስሏቸው ነው የሚበሩት፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ እንደዚያ ከነዱ ደግሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ አውቆ ሊነግራቸው የሚችል እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር መርዶ ነው። ባልናገር መርዶው እውነት ይሆናል።

«ምንም አልሆነም ጋሽ ሀንዲሶ» አልኩ፣ «እትዬ ማርታ ደህና ናቸው፣ ቀስ ብለው ይንዱ።»

«እሱን ነው የሚሉት!» ብለው ጮኹብኝ፣ በሕይወቴ ጮኸውብኝ አያውቁም። «መርዶ የሚደብቅ ሰው ሁልጊዜ ደህና ናቸው ነው የሚለው። አንቺም ሰምተሻል? ፊትሽን ለምን ታዞሪያለሽ? ስታለቅሺ የቆየሽ አይደለሽም?»

ኩርባው ላይ የኋላ ጎማችን ከዳን። መኪናው ጎኑን ይዞ ተንሸራተተ፣ በእኔ መስኮት በኩል መንገዱ አልቆ የእንሰት ጫፍ ከታች ይታየኛል፣ ኢንግሪድ ጮኸች፣ አንዱ ብስክሌት ከላይ ተፈናጥሮ ሲወርድና ድንጋይ ሲመታ ሰማሁት። እንዴት እንደመለሱት አላውቅም፣ መለሱት። አልቆሙም፣ ማርሽ ቀይረው ጭራሽ ነዳጅ ጨመሩ።

እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ክፍል ውስጥ እንኳን መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር። ያን ቀን ግን ጮህኩ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ልቅሶው የእርስዎ ነው!»

ቆሙ። በቀስታ፣ መንገዱ መሀል ላይ፣ ሞተሩ ጠፋ። የዝናብ መጥረጊያው እንኳን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሜዳውን፣ ሴትየዋን፣ ጃኬቱን። ክርናቸውን አንድ ጊዜ አዩ፣ ሌላውንም አዩ። ዲተር ከኋላ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል፣ ሚስቱ ዝም አሰኘችው።

«ማርታ ነበረች?» አሉኝ።

«ከሚያለቅሱት ውስጥ? አላየኋቸውም።»

«ልጆቼስ?»

«የማውቀው ሰው አልነበረም ጋሽ ሀንዲሶ። አንድም።»

ክርናቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። «እንግዲያው ቤቴ ደህና ነው» አሉ፣ «ተመስገን።» ወርደው በዝናቡ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ የወደቀውን ብስክሌት አንስተው በደንብ አሰሩ፣ ከዚያ እስከ ሆሳዕና ድረስ እንደ ሙሽራ መኪና ነዱን። መዝሙራቸውንም ከሞተሩ ሥር ሰማሁት።

እንግዶቹን ማረፊያቸው አድርሰን እሳቸው ሰፈር ስንደርስ ሊመሽ ሲል ነው። ከበሩ ላይ ልሰናበታቸው ብል እጄን ያዙ። «መርዶ ነግሮ ሰውየውን ለብቻው ጥሎ የሚሄድ አለ? ግቢ እንጂ የመምህር ልጅ» አሉኝ፣ ቀልዳቸው መመለሱ ነው፣ እኔም ትንሽ ቀለለኝና ገባሁ።

እትዬ ማርታ ደህና ናቸው፣ ቆመው እሳት እያቀጣጠሉ ነው። መጀመሪያ ባላቸውን አዩ፣ ጭቃ በጭቃ፣ ያለ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው በስስት የሚያዩዋቸውን ባላቸውን። ከዚያ እኔን አዩ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ቤታቸውን ረግጬ የማላውቀዋን ልጅ።

«ማን ነው?» አሉ።

«ማንም አይደለም ማርታ፣ ሁሉም ደህና ነው» አሉ ጋሽ ሀንዲሶ።

ምን ያህል ጊዜ እንደነገሯቸው አላውቅም። ሁሉም ደህና ነው፣ ደህና ነን፣ ባሉ ቁጥር እትዬ ማርታ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ «ወንድሜ ነው አይደል? ግንባር ያለው ወንድሜ ነው አይደል?» ይላሉ። «የመምህር ልጅ፣ አንቺ ንገሪኝ፣ አንቺ አትዋሺም።» እኔ ግን ምን ልበላቸው? አንድ መርዶ በቀን ይበቃል፣ ዓይኔን ከዓይናቸው አሸሸሁ። ከእምነታቸው የተነሳ ዋይታ የማይወዱት ሴት ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩና ጮኹ።

ጩኸቱ ሳያልቅ ቤቱን ሰው ይሞላው ጀመር። ጋሽ ሀንዲሶ በሩ ላይ ቆመው «ማንም አልሞተም፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ፣ ማንም አልሞተም» ይላሉ፣ ሰዉ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ ሀንዲሶ፣ በርታ» ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። እኔ መደቡ ጫፍ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ሁሉም ሲገባ ዝቅ ብሎ አጠገቤ «የማን ልቅሶ ነው?» ይላል። 

ይኼ ሁሉ የተምታታ ነገር ነው፣ የደከመ ሰው ስህተት ነው፣ ልትሉ ትችላላችሁ፣ እኔም እላለሁ፣ በዚያው ሳምንት ነገሩ ተጣርቶ ሰፈሩ እንኳን ሲስቅበት ነበር። የእትዬ ማርታ ወንድምም ደህና ሆኖ ተገኘ፣ ጋሽ ሀንዲሶም ይኼን ስጽፍ በሕይወት አሉ፣ ጡረታ ወጥተው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሳገኛቸው ግን ሁለታችንም ቶሎ እንሰነባበታለን።

አንድ ነገር ብቻ ነው የማይለቀኝ። እትዬ ማርታ ጮኸው ገና ውሃ እንኳን ሳይፈላ፣ አንዲት ሴት ሰፌድ ይዛ ከተቀመጥነው ፊት ለፊት መዞር ጀመረች፣ እኔም ጋ ስትደርስ መዳፌን ዘረጋሁ። ንፍሮ ነው። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ በደንብ የበሰለ፣ ገና ትኩስ፣ እንፋሎቱ እጄን ያረጠበ። ንፍሮ ለመብሰል ምን ያህል እንደሚፈጅ ቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ያን ንፍሮ የጣደ ሰው እኛ ገና መንገድ ላይ ሳለን፣ ምናልባትም ገና ከባሕር ዛፎቹ ሳንነሳ፣ ጥዶታል ማለት ነው። በኋላ እትዬ ማርታን ማን እንዳመጣው ጠየቅኋቸው፣ ጎረቤት ነው አሉ፣ ጎረቤቶቹን ስጠይቅ ከቤት የወጣ መስሏቸው ነበር።

ሴትየዋ ከፊቴ ጥቂት ቆማ ነበር፣ ቀና እስክል የምትጠብቅ ይመስል። የነጠላዋ ጫፍ እርጥብ ነው፣ እግሯ ላይ ቀይ ጭቃ አለ። አንገቴን እንደ ደፋሁ እጄን ጨበጥኩት፣ ንፍሮው እስኪያቃጥለኝ ድረስ፣ እሷም አለፈች፣ ፊቷን አላየሁትም።